ዝናብ ሲዘገይ ዘሩ የት አለ?

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንዲት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን የዩኒየናችን የሥራ አመራር ቦርድ አባላት፣
ክቡራን የወረዳችን የግብርናና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣
ከየመሠረታዊ ማኅበሩ ተወክላችሁ የመጣችሁ እናቶቼና አባቶቼ፣

 

የተሰጠኝ ርእስ «የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋሙ የሰብል ዝርያዎች» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ስለሆነ እኔ በቆቦ ሜዳና በአካባቢው በምናውቀው በማሽላችን ላይ አተኩራለሁ። የምናገረውም ከኮሌጅ ደብተሬ ብቻ አይደለም። ከአባቴ ማሳ ያየሁትንና በሥራ ላይ የሠራሁትን ስሕተት ጭምር እነግራችኋለሁ። በመጨረሻም ለጉባኤው አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ።

የአባቴ ማሳ

በ2007 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ቀረ። አባቴ መሬቱን አርሶ፣ ዘሩን አዘጋጅቶ ሚያዝያን ሙሉ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ከረመ። ግንቦትም አለፈ። ዝናቡ የመጣው ክረምቱ ከገባ በኋላ ነበር። አባቴም በእጁ የነበረውን ዘር፣ ደጋሌት ማሽላ ዘራ። ደጋሌት እንደምታውቁት በሚያዝያ ተዘርቶ ኅዳር ላይ የሚደርስ፣ ረጅም ወራት የሚፈልግ ማሽላ ነው። ዛላ ሳያወጣ ዝናቡ ሄደ። ማሳው ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ነው፤ ገብተው ሲያዩት ግን ፍሬ የለውም። አጭደን ለከብት ሰጠነው። አባቴ ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱን ሸጠ። በሚቀጥለው ዓመት ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ አረሰ።

ያ ዓመት በእኛ ቤት ብቻ የደረሰ አልነበረም። በኤል ኒኞ ምክንያት በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. የዕለት ደራሽ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ በአገር አቀፍ ደረጃ 10.2 ሚሊዮን መድረሱ ተገልጾ ነበር። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ግብርና ኮሌጅ የመግባት ሐሳብ ያደረብኝም በዚያው ዓመት ነው።

እናቶቼና አባቶቼ፣ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከአእምሮዬ የማይወጣ አንድ ነገር አለ። ለአባቴ የጎደለው እውቀት አልነበረም። በሦስት ወር ተኩል፣ በአራት ወር የሚደርስ ማሽላ እንዳለ ያውቅ ነበር። ገበያ ወጥቶ ጠይቋል። ዘመድም ዘንድ ልኳል። ዘሩ ግን አልተገኘም። እኔ ዛሬ ለምክክር የማቀርበው ይህንኑ ጉዳይ ነው።

ዝናቡ ምን ሆነ?

የአየር ንብረት ለውጥ ሲባል ሩቅ አገር ያለ ነገር ይመስለናል። በአገራችን ከ1952 እስከ 1998 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ የዓመቱ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መጨመሩ ተመዝግቧል። ሙቀት ሲጨምር መሬቱ የጠጣውን ውኃ ቶሎ ይለቃል። ስለዚህ በመጠን ያልቀነሰ ዝናብ እንኳን ለሰብሉ ያነሰ ሆኖ ይሰማዋል። በዚህ ላይ ኤል ኒኞ ይጨመራል። ከእኛ እጅግ ርቆ ያለው የሰላማዊ ውቅያኖስ ውኃ ከልክ በላይ ሲሞቅ የእኛ የክረምት ዝናብ ይዳከማል ወይም ይዘገያል።

ለእኛ አካባቢ ትልቁ ችግር የዝናቡ መጠን ብቻ አይደለም፤ የሚመጣበትና የሚሄድበት ቀን አለመታመኑ ነው። እስቲ አብረን እንቁጠር። ማሽላው ሐምሌ 1 ቀን ቢዘራና 120 ቀን ቢፈልግ፣ ጳጉሜን ጨምረን ስንቆጥር ጥቅምት 25 አካባቢ ይደርሳል። ዝናቡ መስከረም ላይ ቢያቆም እንኳን በመሬት ውስጥ በቀረው እርጥበት ፍሬውን ሊሞላ ይችላል። ስድስት ወር የሚፈልገው ማሽላ በዚያው ቀን ቢዘራ ግን የሚደርሰው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። በታኅሣሥ ደግሞ ምን ዝናብ አለ? የአባቴ ማሳ የወደቀው በዚህ ሒሳብ ነው።

የአባቶች ዘር ደካማ አይደለም

እዚህ ላይ «እንግዲያው የድሮውን ዘር እንተወው» የሚል ካለ ቶሎ አይፍረድ። ደጋሌትና ጅጉርቲ በልጉ ሲሠምር ከሁሉ የሚበልጡ ናቸው። ፍሬያቸው ብዙ ነው። አገዳቸው ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለአጥር ይሆናል። እንጀራቸውን ማን ይጠላል? በወሎ «ወተት በጉንጬ» እና «ማር ጭቄ» የሚባሉ ማሽላዎች አሉ። እናቶቻችን ስም ያወጡላቸው በጣዕማቸው ነው። ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ የወሎን ማሽላዎች ሲመረምሩ ላይሲን የተባለው ለሰውነት ግንባታ የሚጠቅም ንጥረ ነገር ከሌላው ማሽላ እጅግ በልጦ የሚገኝባቸው ዓይነቶች አግኝተዋል። እናቶቻችን ያለ ቤተ ሙከራ ጥሩውን ለይተው ይዘው ቆይተዋል።

ዛላውን ማሳ ላይ እንዳለ መርጦ፣ ከምድጃ በላይ ሰቅሎ፣ ጢስ እያጠጣ ከነቀዝ የሚጠብቀው ማን ነው? እናት ናት። ሰው «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ስለ ትውልድ ነው፤ እኔ ስለ ማሽላም እውነት ነው እላለሁ። የዛሬዎቹ የምርምር ዝርያዎችም ቢሆኑ የሚሻሻሉት አርሶ አደር ጠብቆ ባቆየው ዘር ላይ ተመሥርቶ ነው። አገራችን የዘር ባንኳን በ1968 ዓ.ም. ያቋቋመችው ይህ ሀብት እንዳይጠፋ ነው። ተቋሙን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ አርሶ አደሩ ዘሩን በማሳው ላይ እንዲጠብቅ ላደረጉት ጥረት በ1982 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

የእኔ ስሕተት

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ከኮሌጅ ወጥቼ በቀበሌ በተመደብኩበት ዓመት ልቤ በቶሎ ደራሽ ዝርያ ተሞልቶ ነበር። የአባቴን ማሳ አይቻለሁና ማንም ያንን እንዲያይ አልፈለግኩም። አንድ አባት አራት ጥማድ መሬታቸውን ሊዘሩ ሲነሡ በሚያዝያ መልካም ዝናብ ነበር። እኔ ግን «ይቆዩ፤ አዲሱ ዘር የሚዘራው ክረምት ላይ ነው» አልኳቸው። እሳቸውም ሰሙኝ። አራቱንም ጥማድ በቶሎ ደራሹ ሸፈኑት።

ማሽላው በሰዓቱ ደረሰ። ነገር ግን በዙሪያው ያለው የጎረቤት ማሽላ ሁሉ ገና እሸት ስላልያዘ የአካባቢው ወፍ በሙሉ እሳቸው ማሳ ላይ ሰፈረ። ልጆቻቸው ከንጋት እስከ ምሽት ማማ ላይ ወንጭፍ ይዘው ዋሉ። አልተቻለም፤ ካሰብነው እኩሌታውን እንኳን አላገኘንም። አገዳውም አጭር ስለነበረ ለበጋው መኖ አልበቃም። ጎረቤቶቻቸው ግን ኅዳር ላይ የሞላ አውድማ ወቁ።

እኚያ አባት አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ዘርሽ ውሸታም አይደለም። ዝናብ በጠፋበት ዓመት ያድነኝ ነበር። ግን ዘንድሮ ዝናቡ ነበረ። አንቺ ሰማዩን ሳታይ ደብተርሽን አየሽ» አሉኝ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ጥፋቱ የዘሩ አልነበረም፤ ለሁሉም ዓመትና ለሁሉም ማሳ አንድ ዘር ይበቃል ብዬ ማሰቤ ነበር።

በአንድ ዘር ላይ መደገፍ ምን እንደሚያስከትል ከስንዴ አምራች ወንድሞቻችንም መማር እንችላለን። በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ በአገሪቱ ሲነሣ «ኩብሳ» የተባለው ስንዴ እጅግ ሰፊ መሬት ይዞ ስለነበር ጉዳቱ ከባድ ሆነ። ከዚያ በኋላ ብዙ አርሶ አደር ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ወደ «ዲጋሉ» ዞረ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ በአርሲና በባሌ የግንድ ዋግ ዲጋሉን መታው። ዛሬ የቆመ ዘር ነገ ሊወድቅ ስለሚችል ጎተራ ውስጥ ሁለትና ሦስት ዓይነት መያዝ ያስፈልጋል።

ሰማዩን አይቶ መዝራት

ከዚያ ስሕተት በኋላ ከአባቶች ልምድና ከምርምር ባለሙያዎች ምክር ተነሥተን በቀበሌያችን የምንመካከርበትን አሠራር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሚያዝያ ላይ ዝናቡ መሬቱን በደንብ ካራሰው ደጋሌትና ጅጉርቲን እንዝራ። ቦታቸው ጎርፍ ተጠልፎ የሚገባበትና ጥልቅ አፈር ያለው ማሳ ነው። ሆኖም መሬታችንን በሙሉ አንስጣቸው። ቢያንስ ከሦስት አንዱን እጅ ለክረምቱ እናቆይ።

ሁለተኛ፣ ዝናቡ እስከ ሰኔ መጨረሻ ከዘገየ ቶሎ ደራሽ ማሽላ እስከ ሐምሌ መጀመሪያዎቹ ቀናት ይዘራ። ከመልካሳ የወጣው «መልካም» እና ከስሪንቃ የወጣው «ግራና-1» ለዚህ ከሚሆኑት ውስጥ ናቸው። አቀንጭራ በበዛበት ማሳ ደግሞ በ1992 ዓ.ም. ገደማ የተለቀቁት «ጎብዬ» እና «አብሽር» አሉ። እነዚህ ሁለቱ የፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ የምርምር ፍሬዎች ናቸው። ፕሮፌሰር ገቢሳ በማሽላ ላይ በሠሩት ሥራ በ2002 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ጎብዬ፣ ግራና፣ የጁ፣ ራያ እያላችሁ የዝርያዎቹን ስም ስትጠሩ የገዛ አገራችሁን ስም እየጠራችሁ ነው። እንግዳ ዘር አይደሉም።

ሦስተኛ፣ ሐምሌ ከተጋመሰ ማሽላ ላይ መሟገት ይቅር። ጤፍ ከሆነ ዝናቡ አጭር በሚሆንበት ዓመት «ቦሰት» ይሻላል። «ቁንጮ» ነጭና ምርታማ ቢሆንም የተሻለ ዝናብ ይወዳል። በሁለት ወር ተኩል ገደማ የሚደርሰው ማሾም ጥሩ አማራጭ ነው፤ ገበያም አለው፤ መሬቱንም ያዳብራል። በጥቁር አፈር ላይ ክረምቱ ሲወጣ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ይከተላል።

አራተኛ፣ ቶሎ ደራሽ ማሽላ ብቻውን መሐል ሜዳ አይዘራ። ማሳቸው የተያያዘ አርሶ አደሮች ተነጋግረው በአንድ ሳምንት ውስጥ በኩታ ገጠም ይዝሩ። ወፉ ሲከፋፈል የእያንዳንዱ ጉዳት ይቀንሳል፤ ጥበቃውም ተራ በተራ ይሆናል።

አምስተኛ፣ ዘር ብቻውን ተአምር አይሠራም። ቦዩን በየመሐሉ በአፈር ማሰር፣ ሽልሻሎውን በጊዜው ማድረግ፣ ጎርፉን ጠልፎ ማስገባት ከዘሩ እኩል ናቸው። ውኃው ከማሳው ከወጣ የትኛውም ዘር አይመልሰውም።

ከቤቱ ያስቀመጠውን ዘር የሚዘራም ቢሆን አስቀድሞ ይፈትነው። መቶ ፍሬ ቆጥሮ እርጥብ ጨርቅ ላይ ያኑር። ከሳምንት በኋላ ከ80 በታች ከበቀለ ያ ዘር አያስተማምንም። ደግሞም ዲቃላ ማሽላ የገዛ ሰው ከምርቱ መልሶ ዘር አያድርግ፤ ጉልበቱ ይወርዳል። ከላይ የጠቀስኳቸውን መሰል ዝርያዎች ግን በማሳ ላይ እየመረጡ ለጥቂት ዓመታት ማስቀጠል ይቻላል።

ለጉባኤው የማቀርበው ጥያቄ

የተከበራችሁ የጉባኤው ተሳታፊዎች፣ እስካሁን ያልኩት ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ይቆማል። ሐምሌ 1 ቀን «ዘሩን ቀይሩ» ብዬ ስመክር አርሶ አደሩ «የት አለ?» ይለኛል። ዘር እንደ ማዳበሪያ አስቀድሞ በዕቅድ ይጠየቃል፤ ዝናቡ ግን መዘግየቱን የሚነግረን በሰኔ ነው። በሰኔ የተጠየቀ ዘር ለሐምሌ አይደርስም። እያንዳንዱ ቤተሰብ ለብቻው ሦስት ዓይነት ዘር ያስቀምጥ ብንልም ክፉ ቀን ሲመጣ መጀመሪያ የሚበላው ዘሩ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አካባቢያችን ሲደርስ ከብዙ ቤት እህሉ ብቻ ሳይሆን ዘሩም ሄዷል። ይህን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ ዩኒየናችን የመጠባበቂያ ዘር እንዲያቋቁም እጠይቃለሁ። ሒሳቡ የሚያስፈራ አይደለም። በመስመር ለሚዘራ ማሽላ ለአንድ ሄክታር 10 ኪሎ ዘር ይበቃል። ማለት አንድ ኩንታል 10 ሄክታር ያለብሳል። 50 ኩንታል ደግሞ 500 ሄክታር፣ በእኛ አቆጣጠር 2,000 ጥማድ ይሸፍናል። 50 ኩንታል ከመጋዘናችን አንድ ጥግ የሚይዝ ነው። ከአንድ ሄክታር 25 ኩንታል ቢገኝ 2 ሄክታር ያመርተዋል፤ የሚበጠረውንና የሚወገደውን አስበን 3 ሄክታር እንበለው። ሁለት መሠረታዊ ማኅበራት በዘር ጥራት ባለሙያ እየታዩ ሊያባዙት ይችላሉ።

«ዝናቡ በሰዓቱ ቢመጣና ዘሩ ሳይፈለግ ቢቀርስ?» የሚል ጥያቄ ከቦርዱ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ተገቢም ነው። መልሱ ዘሩን በኬሚካል ሳንለውስ አየር በማያስገባ ከረጢት ማስቀመጥ ነው። ሳይፈለግ ከቀረ ለምግብ እህል ይሸጣል፤ በምትኩ አዲስ ምርት ይገባል። ዩኒየኑ የሚያወጣው በዘርና በእህል ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነትና የከረጢቱን ወጪ ነው። ይህ ወጪ ከአንድ ቤተሰብ በሬ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ነው? የመድኃኒት ጉዳይ ግን በጥብቅ ይያዝ፤ ኬሚካል የነካው ዘር ፈጽሞ ለምግብ አይሸጥም።

ከዚህም ሌላ መጠባበቂያው በአንድ መጋዘን ብቻ አይቀመጥ፤ በሁለት ቦታ ይከፈል። ከቶሎ ደራሾቹ ጎን ለጎንም ደጋሌት፣ ጅጉርቲ፣ ወተት በጉንጬና ሌሎቹ የአባቶች ማሽላዎች ከየቀበሌው ተሰብስበው በየስማቸው ይቀመጡ፤ በየጊዜውም ተዘርተው ይታደሱ። የምርጫው ሥራ ለእናቶች ይሰጥ፤ ሙያው የእነሱ ነውና። በምሥራቅ ሸዋ የእጀሬ አርሶ አደሮች የአካባቢያቸውን ስንዴ በኅብረተሰብ ዘር ባንክ ጠብቀው አቆይተዋል። እኛም በማሽላችን የማንችልበት ምክንያት የለም። ዘሩ በብድር ይሰጥ፤ ተበዳሪው በመኸር ጥቂት ጨምሮ ይመልስ።

ከወረዳ ኃላፊዎቻችንም አንድ ነገር እንለምናለን። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የሚመዘነው በአንድ ዝርያ በሸፈነው የሄክታር ብዛት ብቻ ከሆነ እኔ የሠራሁት ስሕተት ይደገማል። «በቀበሌሽ ስንት ዓይነት ዘር አለ? ዝናቡ ቢዘገይ ምን ተዘጋጅቷል?» ተብለን እንጠየቅ።

አባቴ ዛሬም ያርሳል። ከሁለት ዓመት መቀናጆ በኋላ ሁለተኛ በሬ ገዝቷል። ወደዚህ ስመጣ ስለምን እንደምናገር ነግሬው ነበር። «ዘር በሰኔ መጨረሻ የሚገኝበት አንድ በር ብቻ አሳዩን፤ ሌላውን እኛ እናውቃለን» አለኝ። ለጉባኤው ያደረስኩት መልእክት የእሱም ነው። የሥራ አመራር ቦርዱ ጉዳዩን በአጀንዳ ይዞ ከመጪው መኸር በፊት ውሳኔ እንዲሰጥበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መጪው ዘመን ዝናቡ የሚሠምርበት፣ ባይሠምርም ዘር የማይታጣበት ይሁንልን።